መሬት ላይ የሚቆይ ካሜራ

የኢትዮጵያን ነፃ ፊልሞች በየዘመናቸው አሰልፎ ላየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ካሜራው ከመሬት አይላቀቅም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ስለ ገባርና ባለርስት ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ድርቅ ከቀዬው ስላስነሳው ልጅ ነው። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ጫት የሰውን ኑሮ ሁሉ ስለያዘበት የሐረር ገጠር፣ «አንበሳ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ኮንዶሚኒየም ስለዋጠው እርሻ። ባለታሪኮቹ የማይተዋወቁ፣ ዘመናቸውም የተራራቀ ይሁን እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ይህ ቦታ የማን ነበር? አሁንስ የማን ሆነ?

ይህን የምጽፈው ሱሉልታ ሆኜ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ሜዳ ክረምቱን ውሃ ያቁራል፤ መስከረም ላይ አደይ ይለብሳል፤ ከጥቅምት ወዲያ ሣሩ ይታጨድና ድርቆሹ በአይሱዙ ላይ ተቆልሎ ለአዲስ አበባ የወተት ላሞች ይወርዳል። በዚሁ ሜዳ ዳር ዛሬ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ፣ የሯጮች ማሠልጠኛ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬትና ያላለቀ ፎቅ ተራ በተራ ይታያሉ። ሰበታና ቡራዩም ከዚህ ብዙ አይለዩም። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በተባለ አንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። እንዲህ ባለ ስፍራ ለሚኖር ሰው ነፃ ፊልም የጥቂት ምሁራን መዝናኛ አይደለም። በየቀኑ እያለፈበት ቆም ብሎ ያላየውን ነገር በእርጋታ የሚያሳየው እሱ ነው። የሚስበውም በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያሳዝነው ደግሞ እነዚህ ፊልሞች ከማንም ይልቅ ለሚመለከታቸው ለእኛ ለዳርቻ ነዋሪዎች መድረስ አለመቻላቸው ነው።

ነፃ ፊልም ስል መንግሥት ያላዘዘውን፣ ትልቅ ኩባንያ ወይም ስፖንሰር መጨረሻውን ያልወሰነለትን ሥራ ማለቴ ነው። የሙከራ ፊልም የሚባለው ደግሞ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ታሪክ መተረኩን እስከ መተው፣ አንዱን ስክሪን ሦስት አራት እስከ ማድረግ ይደፍራል። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአገራችን ባለሙሉ ርዝመት ፊልም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ1957 ዓ.ም. ከተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው። ከዚያ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» መጣ፤ የዛሬው የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። ለነፃው ፊልም ግን ቁርጥ ያለው መነሻ ኃይሌ ገሪማ ነው። ጎንደር ተወልዶ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ መጀመሪያ ቺካጎ ቲያትር፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ በዩሲኤልኤ ፊልም ተማረ። በዚያ ትምህርት ቤት ሆሊውድ የጥቁርን ሰው ኑሮ የሚያሳይበትን መንገድ አንቀበልም ያሉ ወጣቶች ተሰባስበው ነበር፤ ኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» የሚል ስም ወጣላቸው። ካሜራ እየተዋዋሱ፣ አንዱ ሲያዘጋጅ ሌላው እየቀረፀ ይሠሩ ነበር። የኃይሌን «ቡሽ ማማ» ከቀረፁት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለውን፣ ዛሬ በዓለም ፊልም ትምህርት ቤቶች የሚታየውን ሥራ አወጣ።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረፀው በአብዮቱ ወቅት፣ ንጉሡ ወርደው ደርግ ገና እግሩን ባልተከለበት ክፍተት ነው። ቀረፃው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ፈጀ፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር የተነሳ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሄድ ነው። ለዓለም የታየው በ1976። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ይለፋል፤ ባለርስቱ ወንበሩን ከፍታ ላይ አስቀምጦ ይሰድባል፣ ያዛል። መሬቱን የተነጠቀው፣ ሰው እንደ እብድ የሚያየው ከበበ ደግሞ በየመንገዱ እውነቱን ይናገራል። ታሪኩ ይህን ያህል ነው። ፊልሙ የሚያሳየው ግን ከታሪኩ በላይ ነው፤ አንድ ትልም እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ሰው ዳገት ወጥቶ እስኪጨርስ ካሜራው ዓይኑን አይነቅልም።

ይህን ፊልም እዚህ ሱሉልታ አንድ እሑድ ከሰዓት ከጎረቤቶቼ ጋር በቴሌቪዥን አይቼው አውቃለሁ። አንዱ ዕድሜያቸውን ሁሉ ያረሱ፣ ዛሬ ማሳቸው በቆርቆሮ የታጠረባቸው አባት ናቸው። የልጅ ልጃቸውም አብሮን ነበር። ልጁ ገና በሃያኛው ደቂቃ «ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። እርሳቸው መልስ አልሰጡትም፤ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ዘሩ የማን ነው?» አሉኝ። አልገባኝም ነበር።

«የምን ዘር፣ ጋሼ?»

«የሚዘሩት ነዋ። ዘሩም በሬውም የባለመሬቱ ከሆነ ለአራሹ የሚተርፈው ሌላ ነው፤ የራሱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው።»

ስለዚህ ፊልም ከአንድም ሁለት ሦስት የሂስ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ስለ ጥቁርና ነጭ ምስሉ፣ ስለ ድምፁ አጠቃቀም፣ ስለ ፖለቲካው ብዙ ተብሏል። ዘሩ የማን እንደሆነ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። እርሳቸው ፊልሙን ያዩት እንደ ሒሳብ ነበር፤ እያንዳንዱን ረጅም ትዕይንት ቀንሰውና ደምረው። ለእርሳቸው አንድም ትዕይንት አልረዘመባቸውም። ልጁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወጣ፤ ያንንም አልደብቅም። ስለ ነፃ ፊልም ሲወራ «ሕዝቡ አይገባውም» የሚባለውን ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መስማት ያቅተኛል። የትኛው ሕዝብ? ማረስ የሚያውቀው ነው የማይገባው?

ኃይሌ ከዚያ በኋላ ያለፈበት መንገድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ፊልሞቹን ቀጠለ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ጨረሰ፤ የባርነትን ታሪክ ከባሪያው ወገን ሆኖ የሚናገር ሥራ። የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። እሱና ባልደረቦቹ አዳራሽ እየተከራዩ፣ በጥቁር ሕዝብ ሰፈሮች በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር በኩል ሰው እየጠሩ፣ ከከተማ ከተማ ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ። ተመልካቹ ከሚገመተው በላይ ሆነ፤ ፊልሙ በየአዳራሹ ለሳምንታት ቆየ። ከዚያም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ዛሬም ያለውን ሳንኮፋ የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ፊልሙ በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ እንደገና ለዓለም ቀረበ። በመሐሉ በ2008 «ጤዛ» መጣ፤ በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። የተማረው የፊልሙ ባለታሪክ አንበርብር ከጀርመን ወደ ጣና ዳር ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ፣ እዚያም የሚጠብቀው ያው የመሬትና የጉልበት ጥያቄ ነው።

በአገር ቤት የመንግሥት ወገን የሠራው ያን ያህል አይደለም። በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የፊልም ኮርፖሬሽን የሰለሞን በቀለ ወያን «አስቴር» የመሰለ ሥራ ቢተውልንም በ1990ዎቹ መገባደጃ ተዘጋ። ከውጭ ደግሞ የማነ ደምሴ በ1996 «ግርግር»ን አወጣ፤ የ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ ግርግርን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያየ ፊልም ነው።

ስለ ሙከራ ፊልሞቻችን ብዙ ስለማይጻፍ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳሌም መኩሪያ በ1990ዎቹ «የወንዝ ማዕበል»ን ሠራች። ወንድሟንና የልብ ጓደኛዋን ስላጣችበት የአብዮት ዘመን የሚናገር ዘጋቢ ፊልም ነው፤ እሷ ግን የታሪክ ምሁር ሆና አልተናገረችም፣ እኅት ሆና እንጂ። ቀጥላ አንድ ስክሪን አልበቃ አላት። በ2003 በቬኒስ ቢየናሌ ያቀረበችው «ራፕቸርስ» ሦስት ምስል ጎን ለጎን የሚሄድበት ሥራ ነው። ሦስቱን ባንዴ ማየት አይቻልም፤ አንዱን ስትከተል ሌላው ያመልጥሃል። ከተማን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በቡራዩ መናኸሪያ የቆመ ሰው አገርን የሚያየው እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ዓይኑ የወለጋ አውቶብስ፣ በሌላው የአትክልት ጋሪ፣ በጆሮው የረዳቶች ጩኸት።

ቴዎ እሸቱ ለንደን ተወልዶ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተማ ያደገ የቪዲዮ ሠዓሊ ነው። አያቱ የታሪክ ጸሐፊው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው። በ1997 በሠራው ፊልም ካሜራውን ወደ አያቱ አዞረ፤ ስለ አገሩ የሚያውቀውን ከመጽሐፋቸው ሳይሆን ከፊታቸውና ከቤታቸው ለመማር የሞከረ ይመስላል። የአክሱም ሐውልት ከሮም ሲመለስ ደግሞ ቀረፀና በ2009 በብዙ ስክሪን የተከፋፈለ ሥራ አደረገው። አደራደሩ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ የሚያሳየውን የአገራችንን ሥዕል ይከተላል። ያን ሥዕል በየቤቱና በየሆቴሉ ግድግዳ ያላየ ማን አለ? ቴዎ ያንን ሥርዓት ወስዶ ምስሎቹን አንቀሳቀሳቸው። የሙከራ ፊልም ከውጭ የመጣ ነገር ነው ለሚሉ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ዕዝራ ውቤን ስጠራ ፊቴ ይፈካል። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚሠራው ይህ ሠዓሊ በ2011 «ሂሳብ» የተባለ አጭር አኒሜሽን አወጣ። የአህያ፣ የውሻና የፍየል ታክሲ ጉዞ ነው፤ አህያዋ ከፍላ ወረደች፣ ውሻው መልስ አልተሰጠውም፣ ፍየሏ ሳትከፍል ሮጠች። ለዚህ ነው አህያ መኪና ሲመጣ ከመንገድ የማትነቃነቀው፣ ውሻ እየጮኸ የሚከተለው፣ ፍየል የምትሸሸው። ልጅ ሆኖ ይህን ያልሰማ የለም። ዕዝራ የሠራበት መንገድ ነው ድንቁ፤ አንድ ሸራ ላይ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ላይ እንደገና ይሥላል። የፊተኛው ምስል ከኋለኛው ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ሱሉልታ ላይ የጎጃም መንገድ ዳር ቆሜ ያችን አህያ ሁልጊዜ አያታለሁ፤ ከኋላዋ ሲኖትራክ ክላክስ እያሰማ እሷ ከአስፋልቱ መሐል ንቅንቅ የለም። በ2015 ዕዝራ አዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልን መሠረተ፤ የቪዲዮ ሥራዎች ከጋለሪ ወጥተው ሰው በሚያልፍበት አደባባይ እንዲታዩ የሚያደርግ ዝግጅት ነው።

ዳግማዊ ይመር ደግሞ ፊልም ሠሪ የሆነው በስደት ነው። በሊቢያ በኩል ባሕር ተሻግሮ በ2006 ላምፔዱዛ ደረሰ። በ2008 ከሁለት ጣሊያናውያን ጋር ባዘጋጀው ፊልም የሊቢያን እስር ቤትና የበረሃ መንገድ ያለፉ ወገኖቹ ራሳቸው እንዲናገሩ አደረገ። በ2015 «አስማት»ን ሠራ። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ 368 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው። ፊልሙ ስማቸውን አንድ በአንድ ይጠራል። ቁጥር ሆነው በዜና ያለፉ ሰዎች በስም ሲጠሩ እንዴት ዳግም ሰው እንደሚሆኑ ማየት የሚፈልግ ይህን ፊልም ሳያቋርጥ ይየው። ተዝካር ላይ የሟች ስም ሲነሳ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አቀራረብ ማብራሪያ አይሻም።

አገር ቤት ስንመለስ፣ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የቪዲዮ ካሜራ ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ፊልም ለመሥራት የሴሉሎይድ ወጪ አላስፈለገም። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» እና ተከታዮቹ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ሰልፍ አመጡ። ያኔ የሱሉልታ ልጅ ፊልም የሚያየው በቪዲዮ ቤት ነበር፤ በረድፍ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር፣ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ መስኮት፣ የህንድና የካራቴ ፊልም። የአማርኛ ፊልም በሲዲ ሲመጣ ደግሞ ኪራዩ ተጀመረ። አንዳንድ ሃያሲዎች ያንን ዘመን እንዳለ ይንቁታል፤ እኔ አልንቀውም። ቤቱን አስይዞ፣ መኪናውን ሸጦ ፊልም የሠራ ሰው ነፃነቱን በገንዘቡ ገዝቶታል። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። የላቭና የኮሜዲው ቀመር ገበያ ሲይዝ ሁሉም እሱን መገልበጥ ጀመረ፤ ካሜራው ቦሌ ካፌ፣ ሳሎን ቤትና መኪና ውስጥ ተቀመጠ። ገጠር ካስፈለገ ከእንጦጦ ወዲያ ወደኛ ሜዳ ይመጡና ለሁለት ቀን ቀርፀው ይመለሳሉ። ሜዳው በፊልሙ ላይ «ክፍለ ሀገር» ይባላል እንጂ ስም የለውም።

ከ2014 እስከ 2016 ያለው ጊዜ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። የጠለፋ ጋብቻን ስለተቃወመች ልጅና ስለ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ የሚናገረው ይህ ፊልም አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ዕግድ ቆመ፤ ለሕዝብ የታየው በኋላ ነው። 2015 ደግሞ የተለየ ዓመት ሆነ። «ላምብ» በካን ኦፊሴላዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ በጉን ከእርድ ለማትረፍና ወደ አገሩ ለመመለስ ሳምቡሳ እየጠበሰ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ወንድ ልጅ ምጣድ ላይ ቆሞ ሲሠራ ካሜራው በክብር ያየዋል። የሕይወት አድማሱ «አዲስ ዓይኖች» በቬኒስ፣ የሄርሞን ኃይላይ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» በቶሮንቶ ታዩ። ሁለቱም አዘጋጆች ሴቶች ናቸው። በዚያው ዓመት የስፔኑ ሚጌል ያንሶ ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ በአማርኛ የሠራው «ክራምብስ» ሮተርዳም ላይ ወጣ። የዓለም ፍጻሜ ካለፈ በኋላ የኛ ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ የሚከበርበት፣ ሰማይ ላይ መርከብ የተንጠለጠለበት ፊልም ነው። ስለሱ የሰው ሐሳብ ይለያያል፤ እኔ ግን የአገራችን መልክዓ ምድር ድርቅና ረሃብ ብቻ ሳይሆን ሕልምም ሊሸከም እንደሚችል ስላሳየ እወደዋለሁ።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓመት መምጣታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። የዲጂታል ካሜራ ጥራት አድጎ ነበር። የአውሮፓና የባሕረ ሰላጤው የፊልም ፈንዶች ለአፍሪካ በራቸውን ከፍተዋል፤ «ላምብ» የኢትዮጵያ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የካታር የጋራ ሥራ ነው። የቻዱን ማሃማት ሳሌህ ሃሩን «አቡና» የቀረፀው አብርሃም ኃይሌ ብሩ የመሠረተው ብሉ ናይል የፊልም አካዳሚም ወጣቶችን ማስተማር ጀምሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የቀረቡ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ መጣ፤ ተመልካቹ ቤቱ ገባ፣ ሲኒማ ቤቶች ሳሱ። በ2020 ኮሮና ጭራሽ ዘጋቸው። የንግዱ ፊልም ወደ ዩቲዩብ ሲሄድ ነፃው ፊልም ግን መንገዱን ቀጠለ፤ መጀመሪያውንም በቲኬት ሽያጭ አልቆመም ነበርና።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች ለእኛ ለዙሪያው ነዋሪዎች እጅግ የቀረቡ ናቸው። የሞ ስካርፔሊ «አንበሳ» በ2019 በርሊን ላይ ታየ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ እርሻቸውን ያጡ እናትና ልጅ በጭቃ ቤት ይኖራሉ። የአሥር ዓመቱ ልጅ ከተጣለ ሽቦና ባትሪ መጫወቻ ይሠራል፤ ማታ ጅቡን ፈርቶ ራሱን አንበሳ ያደርጋል። ፊልሙ ተንታኝ አያስገባም፣ አኃዝ አይደረድርም። ልጁ ፎቆቹን ሲያይ ካሜራው ልጁን ያያል። ስለ ከተማ መስፋፋት የሰማኋቸው ስብሰባዎች ሁሉ ተደምረው ያን ያህል አልነገሩኝም። በ2024 ትራይቤካ ላይ የታየው «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ደግሞ ዱከም ካለው የቻይና ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ የፓርኩን ኃላፊ፣ ሠራተኛዋንና መሬቷን ያጣችውን ገበሬ ዓመታት ተከትሎ ያሳያል። ሦስቱንም እኩል ስለሚሰማ ፍርዱን ለእኛ ይተዋል።

«ፋያ ዳዪ» ግን ከሁሉም ይለያል። ሜክሲኮ ተወልዳ ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር አሥር ዓመት ገደማ ወስዳበታለች፤ ካሜራውንም ራሷ ይዛለች። ጥቁርና ነጭ ነው። ጫት ይለቀማል፣ ይታሰራል፣ ይጫናል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ወጣት ልጅ ስለ መሰደድ ያስባል፤ የዘላለም ሕይወት ውሃ ፍለጋ ስለወጡ ሰዎች የሚነገር ጥንታዊ ተረት በመሐል እየገባ ይወጣል። በ2021 ሰንዳንስ ላይ ቀርቦ፣ በስዊዘርላንዱ ቪዚዮን ዱ ሬል ታላቁን ሽልማት ወስዶ፣ ለኦስካር በዘጋቢ ፊልም የመጨረሻ ዕጩዎች ከሚመረጡበት አጭር ዝርዝር ገባ። ንግግሩ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው። ሱሉልታ ውስጥ ያለ ትርጉም የሚሰማው ሕዝብ ከውጭ ፌስቲቫል ተመልካች ይልቅ ብዙ ነው፤ ያየው ግን ስንት ነው? የቤዛ ኃይሉ ለማ «አላዛር»ም በ2024 በካን የሃያሲያን ሳምንት ከአጫጭር ፊልሞች ጋር ተወዳድሯል፤ የገበሬዎች ታሪክ ነው፤ ገበሬዎች ግን ያዩት አይመስለኝም።

እንግዲህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጥያቄው ይህ ሆኖ ቆይቷል። ፊልሞቹ ስለ ዳርቻ ናቸው፤ የሚታዩት መሐል ነው፤ ያውም በሌላ አገር መሐል። የውጭ ፈንድ ሲሰጥ ከመጀመሪያው ፌስቲቫል እስከ ቴሌቪዥን መብት ድረስ ያለው መንገድ በውል ይታሰራል፤ በአገር ቤት ማሳየት ግን በውሉ ውስጥ ማንም የማይከራከርለት አንቀጽ ነው። በብዙ ቋንቋ የግርጌ ጽሑፍ የተሠራለት ፊልም ቡራዩ ላይ አንድ ምሽት ሲታይ አላየሁም። በ2010 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል፤ ስለ ማምረት ብዙ ተነጋግረናል፣ ስለ ማሳየት ግን እምብዛም አልተነጋገርንም።

ነፃ ፊልም የሚስበኝ ታጋሽ ስለሆነ ነው። የንግድ ፊልም ሰው እንዲስቅ ሲፈልግ ሙዚቃ ያስገባል፣ እንዲያለቅስ ሲፈልግም ሌላ ሙዚቃ። ያ ኃጢአት አይደለም፤ ሥራው ነው። ነፃው ግን ጎረቤቴ ዘሩ የማን እንደሆነ እንዲጠይቁ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በየወሩ መልኩ በሚለወጥ ከተማ የሚኖር ሰው ከምንም በላይ የሚያጣው ያንን ጊዜ ነው። ትናንት ሜዳ የነበረው ዛሬ አጥር ሆኖ ሲያድር፣ ሜዳው ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ፋታ አናገኝም። ሰበታ የባቡር መነሻ ሆነች፤ ከሐዲዱ በፊት እዚያ ምን እንደነበር የቀረፀ ፊልም ግን እኔ አላውቅም። ወጣቶቻችን በስልካቸው ሁሉን ይቀርፃሉ፤ ግን ለአሥራ አምስት ሴኮንድ ነው። አንዳቸው አንድ ቀን ስልኩን ድርቆሽ በሚጫንበት ሜዳ ላይ አቁሞ መኪናው ሞልቶ እስኪሄድ ቢተወው የሱሉልታ የመጀመሪያው የሙከራ ፊልም ተሠራ ማለት ነው።

የማሳየቱን ነገር ኃይሌ ገሪማ በ«ሳንኮፋ» አሳይቶናል፤ አዳራሽ መከራየት ነው። እኛ ዘንድ አዳራሹ አለ። ከጎጃም መንገድ ዳር እስከ ሰበታ የሠርግ አዳራሽ ሞልቷል፤ ወንበር አለው፣ ጄኔሬተር አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው። በሁዳዴ ሠርግ ስለሌለ ባለቤቶቹ ለሁለት ወር ገደማ ባዶ ግድግዳ ይጠብቃሉ፤ ዋጋውም ይወርዳል። አንድ ፕሮጀክተርና ነጭ አቡጀዲ ቢጨመር ይበቃል። ከአዘጋጆቹ ፈቃድ ማግኘት ሥራ ይጠይቃል፤ ግን ከካንና ከቬኒስ ይልቅ ለእኛ እምቢ ይላሉ ብዬ አላስብም። መጀመሪያ «ሂሳብ» ይታይ፤ አጭር ነው፣ ልጆቹም ታሪኩን ያውቁታል። ቀጥሎ «አንበሳ»። «ፋያ ዳዪ» ለሁለተኛው ሳምንት ይቆይ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሞ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ይሁን፤ ያረሱ ሰዎች ከፊት ይቀመጡ፣ ሲያልቅም መብራት ይብራና መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ።